በሪሞት የሚበር የመጀመሪያ አውሮፕላን ስመርጥ

በሪሞት የሚበር የመጀመሪያ አውሮፕላኔን የገዛሁት በመልኩ ተማርኬ ነበር፤ ክንፉ ከሆዱ ሥር የተገጠመ፣ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተዋጊ አውሮፕላን አምሳያ ሲሆን ዕድሜው ግን ከአንድ ደቂቃ አላለፈም። ወደ ግራ ሳዞረው በጎኑ ተጋደመ፤ የሪሞቱን እጀታ ብለቅም ራሱን አላቀናም፤ በመጨረሻም አፍንጫው ሣር ውስጥ ተቀርቅሮ አገኘሁት።

ለጀማሪ የሚበጀው ክንፉ ከአካሉ በላይ የተቀመጠና ጫፎቹ በጥቂቱ ወደ ላይ ያዘነበሉ አውሮፕላን ነው፤ እንዲህ ያለው፣ አብራሪው ደንግጦ እጀታውን ሲለቅ፣ ቀስ በቀስ ወደ ሚዛኑ ይመለሳል። አሁን ያለኝ የክንፉ ርዝመት ከጫፍ እስከ ጫፍ 1.1 ሜትር የሆነ የፎም አውሮፕላን ሲሆን፣ ፕሮፔለሩ ከኋላ በኩል ስለተገጠመ በአፍንጫው ሲወድቅ በቀላሉ አይሰበርም፤ የተቀነጠሰውንም ፎም በሙጫ አጣብቄ በማግስቱ አስነሣዋለሁ። ባልሳ በተባለው ክብደቱ ቀላል በሆነ እንጨት የሚሠራው፣ ውበቱ ባይካድም፣ ለጥገና ትዕግሥት ላለው ሰው ነው።

ክብደቱም ሊታሰብበት ይገባል። የምኖርበት የአሜሪካ ከተማ ዴንቨር ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ በመሆኑ አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ፣ ከባድ አውሮፕላን እንዳይወድቅ ይበልጥ መፍጠን ይኖርበታል፤ የጀማሪ እጅ ደግሞ ያን ያህል አይፈጥንም። ከ250 ግራም በላይ የሚመዝነውን በአሜሪካ የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ማስመዝገብ ግዴታ ሲሆን፣ ክፍያው 5 ዶላር ነው።