ቆጠራ ላይ የተጀመረ ስብከት

ነገሩ የሆነው ምዕራብ ጎጃም ውስጥ፣ አንድ የበቆሎ መጋዘን ላይ፣ በዐቢይ ጾም ነው። የሚዛን ኃላፊው የሰንበት ትምህርት ቤት አገልጋይ ነው፤ ቅንና ታታሪ መሆኑን የሚጠሉትም አይክዱም። ከጫኞቹ መካከል ደግሞ ልጁ ከሞተበት ወዲህ ቤተ ክርስቲያን መሳለም የተወ አንድ ጎልማሳ አለ። ረፋዱ ላይ ይህ ሰው ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ እርጎ ሲጠጣ ኃላፊው አየው።

የሚጫነው ተሳቢ መኪና 400 ኩንታል የሚይዝ ነበር። እንዲህ ያለ ጭነት ሁለት ቆጣሪ ይፈልጋል፤ አንዱ መጋዘኑ በር ላይ፣ አንዱ መኪናው ላይ። አምስት አምስት እያደረጉ መስመር ይጥላሉ፣ በየ50 ጆንያው ቁጥራቸውን ያመሳክራሉ። በሩን የያዘው ኃላፊው ነው። ጫኙ ተሸክሞ ባለፈ ቁጥር አንድ ቃል ይወረውርለታል፦ «በጾም እርጎ? ነፍስህን አታስብላትም?»

«ተወኝ ወንድሜ» አለ ሰውየው። ሲመለስም ያው ነገር ጠበቀው፤ «ሥራዬን ልሥራበት» ብሎ አለፈ። በሦስተኛው ኃላፊው ወደ ሌሎቹ ዞረና «ዕንቁን በእሪያ ፊት አትጣሉ የተባለው ለዚህ ነው» አለ። ጫኙ ሰምቶታል። ጆንያውን ከትከሻው መሬት ላይ ዘርግፎት ቆመ። ገላጋይ ገባ፣ ሥራው ግን በጩኸት ቀጠለ።

መጨረሻ ላይ የበሩ ቁጥር 397፣ የመኪናው 400 ሆነ። ሾፌሩ አልፈርምም አለ። ለመጨረሻ ጊዜ የተመሳከረው 250 ላይ ስለነበር 150 ጆንያ ወርዶ እንደገና ተጫነ፤ ትክክለኛው 400 ነበር። ጫኞቹ የሚከፈላቸው በኩንታል ነውና ያ ድካም በነጻ ቀረ። ከዚያ ወዲያ ግቢው ውስጥ ጾም መቀለጃ ሆነ፤ ቆጠራ በተሳሳተ ቁጥር «ማነው እርጎ የጠጣ?» ይባላል።

ማቴዎስ 7፥6 የሚፈራው ይህንኑ ነው፦ «በእግራቸው እንዳይረግጡት ተመልሰውም እንዳይነክሱአችሁ»። ጥቅሱ የሚያዘው ሰጪውን ነው፤ አትስጡ፣ አትጣሉ ይላል። የተጻፈውም በገዛ ዓይን ስላለው ምሰሶ ከሚናገረው ቃል ቀጥሎ ነው። ያልሰማን ሰው መስደቢያ ሲያደርጉት ግን የተቀደሰውን ለመረገጥ የሚያወጣው ተናጋሪው ራሱ ይሆናል፤ በዚያ ግቢ የሆነውም እንዲያ ነው።

ኃላፊው ሄዶ ያማከራቸው መሪጌታ ስለ ጥቅሱ ብዙ አላሉትም። «ልጄ፣ ሰውየው አልሰማህም ቢል የት ይሄድልህ ነበር?» ብለው ጠየቁት። የነገሩ ሥር እዚህ ላይ ነው። የነገውን ተራ የሚያወጣው፣ ማን ይግባ ማን ይቅር የሚለው ኃላፊው ራሱ ነው። እንጀራው በእጁ ላለ ሰው «እሺ» ማለት ማመን አይደለም፤ ዝም ማለትም መስማት አይደለም። የሮም ገዥ የነበረው ፊልክስ እስረኛውን ጳውሎስን ደጋግሞ እየጠራ ያነጋገረው ጉቦ ተስፋ አድርጎ ነበር (ሐዋርያት ሥራ 24፥26)። መጋዘን ውስጥ ደግሞ ተራ እንዳያልፈው ብሎ አንገቱን የሚነቀንቅ ሞልቷል። ኃላፊው ለፍሬ የቆጠራቸው አንዳንዶቹ ከእነዚህ ነበሩ፤ በግልጽ «ተወኝ» ያለው ጫኝ ቢያንስ አልዋሸውም።

እምቢታም ዓይነት አለው። አቴና ላይ እኩሌቶቹ አፌዙ፣ እኩሌቶቹ ሌላ ጊዜ እንሰማሃለን አሉ፣ ጥቂቶች አመኑ፤ ጳውሎስም የሚያፌዙትን ሳይጎትት ከመካከላቸው ወጣ (ሐዋርያት ሥራ 17፥32-34)። የጫኙ ከሦስቱም አይደለም። ልጁ የሞተው ለክርስትና 40 ቀን ሳይሞላው ነው፤ ለቅሶ ላይ ስለዚሁ አንድ ሰው የተናገረው ቃል ልቡን ቆርጦታል። ስለ እርጎ የሚቀርብ ክርክር ይህን አይነካውም። ኀዘኑን የማያውቅ ሰው ሊጠይቅ የሚገባው አንድ ጊዜ፣ ለብቻው፣ ከሥራ ውጭ ነው፤ «ብናወራ ደስ ይልሃል?» ብሎ፣ አይሆንም ከተባለም ሰላምታውን ሳያቀዘቅዝ መተው። 1ኛ ጴጥሮስ 3፥15 መልስ አዘጋጁ የሚለው «ለሚጠይቁአችሁ» ነው፤ እሱንም በየዋህነትና በፍርሃት።

ኃላፊው ስድቡን በሰሙት ሰዎች ሁሉ ፊት ይቅርታ ጠየቀ። በጓዳ ቢሆን ይቀለው ነበር፤ ስድቡ ግን በጓዳ አልነበረም። የ150ውን ኩንታል የጉልበት ዋጋ ከኪሱ ከፈለ። ተራ የማውጣቱን ሥራ ለንብረት ክፍሉ አስረከበ፣ ቁጥር ማመሳከሪያውም በየ25 ጆንያ ሆነ።

ጫኙ እስካሁን ወደ ቤተ ክርስቲያን አልተመለሰም። ከፋሲካ በኋላ ግን በሰው መልእክት ልኮ ነበር፤ መሪጌታው ቤቱ ቢመጡ እንደማይጠላ፣ ኃላፊው ግን አብሮ እንዳይመጣ። ኃላፊውም አልሄደም።