ፍሪጃችን ሁለተኛ ፎቅ ነው ያለው

እሑድ ቡና ተጠርቼ ሁለተኛ ፎቅ ወረድኩ። ጎረቤታችን እትዬ ጀበናውን እየጣዱ ስለነበር ውሃ ብጠይቃቸው "ፍሪጁን ክፈትና ጠጣ፣ ያንተው አይደል እንዴ!" አሉኝ። ቤቱ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ።

እውነታቸውን ነው። ፍሪጁ የእኛ ነበር። እህቴ እጀታው ላይ በነጭ ፕላስተር የጠቀለለችው ስንጥቅ ዛሬም አለ። እንዴት ወደ እሳቸው ቤት እንደወረደ ልንገራችሁ፣ ሰሞኑን ዲቪ (የአሜሪካ መኖሪያ ቪዛ ዕጣው) ቆመ አልቆመ እየተባለ ሰው ሁሉ የሚያወራውም ከዚሁ ጋር ይገናኛል።

በ2011 ጥቅምት ላይ እህቴ እንደ ሰፈሩ ወጣት ሁሉ ዲቪ ሞላች። ያኔ ማመልከቻው በነፃ ነው፤ የሚከፈለው ለኢንተርኔት ቤቱ ብቻ ነበር። ልጁ ግድግዳው ላይ ነጭ አንሶላ ወጠረ፣ መነጽሯን አስወለቃት፣ ፎቶ አነሳት፣ ዕጣው መድረስ አለመድረሱ የሚታይበትን ኮንፈርሜሽን ቁጥር አትሞ ሰጣት። (በነገራችን ላይ ያንን ቁጥር ማንም ጋ አትተዉት። ቁጥሩን ደብቀው ይቆዩና ሲደርስ "ይሄን ያህል ካልከፈልክ" ወይም "ይህችን ልጅ አግብተህ ካልወሰድክ" የሚሉ አሉ። የእኛ ሰፈሩ ልጅ ጨዋ ነበር።)

ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ደረሳት! እናቴ እልልታዋን ስታቀልጠው ኮሪደሩ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ሠርግ መስሎት በሩን ከፈተ። እህቴ በቀጣዩ አንድ ወር ውስጥ በዕድሜዋ ሙሉ ከነበረችው በላይ ቆንጆ ሆነች፤ የጋብቻ ጥያቄው ጎረፈ። አንዱማ ምንም ሳያፍር ገንዘብ ነው ይዞ የመጣው።

በእልልታው መሃል ያላስተዋልነው ነገር ነበር። ዲቪ ደረሰ ማለት ቪዛ ተገኘ ማለት አይደለም። ለዚያ ዓመት የተመደበው ቪዛ እስከ 55,000 ሲሆን የተመረጠው ሰው ከ83,000 በላይ ነበር። ስለዚህ ወረፋ አለ፤ ኬዝ ቁጥርህ (የወረፋ ቁጥርህ ማለት ነው) ትልቅ ከሆነ ትጠብቃለህ። መጠበቁ ደግሞ ማብቂያ ቀን አለው። የአሜሪካ የበጀት ዓመት በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 30፣ በእኛ መስከረም 20 ይዘጋል፣ ዕጣውም አብሮ ይዘጋል። በማግስቱ እጅህ ላይ ያለው ወረቀት ወረቀት ብቻ ነው። ሕጉ እንዲህ ነው፣ ለማንም ብለው አያራዝሙትም።

እህቴ ቁጥሯ ትልቅ ነበር። ቀጠሮዋ ለሚያዝያ 2012 ወጣ። ከዚያ በፊት የነበረውን ወራት እንዴት እንደምነግራችሁ አላውቅም። የልደት ሰርተፊኬት ከወረዳ፣ የ12ኛ ክፍል ማስረጃ፣ የፖሊስ አሻራ፣ ስፖንሰር ፍለጋ አሜሪካ ያለ የአጎት ልጅ ደጅ መጥናት፣ ሜዲካል። ሜዲካሉ ስድስት ወር ካለፈው እንደገና ነው። በዚያ ላይ ለኢንተርቪው 330 ዶላር፣ ለቲኬት፣ እዚያ ስትደርስ ለኪስ። መምህርት ነበረች፤ በመምህር ደመወዝ ይሄ አይገፋም። እቁቧን ቀድማ ወጣች። የካቲት ላይ መልቀቂያ አስገባች። ከዚያ ዕቃው መሸጥ ጀመረ። መጀመሪያ ቡፌው፣ ቀጥሎ ሶፋው፣ በመጨረሻ ፍሪጁ፣ በ9,000 ብር፣ ለእትዬ።

ተይ ያላት ሰው አልነበረም። እኔ ራሴ ነኝ ከጓደኛዬ ጋር ፍሪጁን ከአራተኛ ፎቅ በደረጃ ያወረድኩት። ሦስተኛ ፎቅ መታጠፊያው ላይ ግድግዳውን ፋቅነው። ምልክቱ አልተቀባም።

መጋቢት ላይ ኮሮና ገባ። አሜሪካ በዓለም ዙሪያ መደበኛ የቪዛ አገልግሎቷን አቆመች፣ የእህቴም ቀጠሮ ተሰረዘ። ይሄስ እሺ፣ በሽታ ነው፣ ማንን ትከሳለህ። ሚያዝያ 14 ግን ፕሬዚዳንት ትራምፕ ከውጭ ለመኖር የሚመጣ ሰው ለ60 ቀን እንዳይገባ የሚል አዋጅ ፈረሙ። ምክንያቱ ሥራ ያጡ አሜሪካውያን ቅድሚያ ያግኙ የሚል ነው። እህቴ 60 ቀኑን በጣቷ ቆጠረችና "ሰኔ ያልቃል፣ ይደርሳል" አለች። ሰኔ 15 አዋጁ እስከ ፈረንጆቹ ዓመት መጨረሻ ተራዘመ። ያን ቀን አልቆጠረችም። ባዶ ሳሎን ውስጥ ፍራሽ ላይ ተቀምጣ ስልኳን ስትነካካ ዋለች።

ቀጥሎ ፍርድ ቤት መጣ። ዲቪ የደረሳቸው ሰዎች አሜሪካ ውስጥ ከስሰው ኖሮ ነሐሴ 29 አንድ የዋሽንግተን ዳኛ የዲቪ 2020 (በፈረንጆቹ ነው፣ የእህቴ ዙር) ጉዳይ በአስቸኳይ ይታይ ብለው አዘዙ። ቴሌግራም ግሩፑ አበደ። እናቴ ስለት ተሳለች። ግን የቀረው ከአንድ ወር ያነሰ ጊዜ ነው፣ ያውም በኮሮና። መስከረም 20 እህቴ ኢሜይሏን ስትከፍት ስትዘጋ መሸ። ምንም አልመጣም።

ያንኑ ቀን ዳኛው 9,095 ቪዛ ለዚያ ዓመት ሰዎች ይቀመጥ ብለው አዘው ነበር፤ በዚህች ተስፋ ሦስት ዓመት ከምናምን ተኖረ። ባይደን መጥተው በየካቲት 2013 አዋጁን ሲያነሱት ቤታችን ደስ አለው፣ ግን የኛዎቹን ቀኑ አልፏቸዋል ተባለ። ሰኔ 2016 ላይ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት መጨረሻውን ተናገረ። መስከረም 20 ካለፈ በኋላ ቪዛ ይሰጥ ብሎ ፍርድ ቤት ማዘዝ አይችልም። አለቀ።

አሜሪካ በሯን መጠበቅ መብቷ ነው፣ በዚህ አልከራከርም። እኔም የቤቴን በር እቆልፋለሁ። የሚያንገበግበኝ እንግዳውን በስም ጠርተህ፣ "ሻንጣህን ይዘህ ና፣ ግን በዚህ ሰዓት ካልደረስክ አላውቅህም" ብለህ፣ ከዚያ መንገዱን ራስህ ዘግተህ "ሰዓቱ አለፈ" ስትለው ነው። እንዲህ ያለውን ነገር የሚፈርሙት ሰዎች በአንድ መስመር ፊርማ ስንት ሶፋ እንደተሸጠ የሚነግራቸው ሰው ያለ አይመስለኝም።

አሁን ደግሞ ይኸው በታኅሣሥ 2018 አሜሪካ አንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተኩሶ ሰው በመግደል የተጠረጠረ ግለሰብ ከዓመታት በፊት በዲቪ የገባ ነው ተባለና ፕሮግራሙ በደህንነት ስም እንዲቆም ታዘዘ። ዜናውን ሳነብ መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ፖለቲካው አይደለም። ዘንድሮ የደረሳቸው ሰዎች ፍሪጃቸውን ሸጠው ይሆን ወይ ብዬ ነው።

ካላችሁ፣ ዲቪ የደረሳችሁ፣ እባካችሁ ቪዛው ፓስፖርታችሁ ላይ ተለጥፎ ሳታዩት ሥራ አትልቀቁ። ይህን የምለው ፍሪጅ የተሸከመ ሰው ስለሆንኩ ነው።

እህቴ ደህና ናት። ሌላ ትምህርት ቤት ገባች፣ ባነሰ ደመወዝ። ቡፌ ገዝታለች፣ ሶፋም። ፍሪጅ ግን የላትም። እትዬ ከዓመት በፊት "በሰጠሽኝ ዋጋ መልሼ ልስጥሽ" ብለዋት ነበር፣ በዛሬ ገበያ በነፃ እንደማለት ነው። እምቢ አለች። ለምን ብላት "እስቲ ይቆይ" ብቻ ነው መልሷ። ፍሪጁ ተመልሶ ከወጣ መቅረቷ የሚረጋገጥ ይመስላታል መሰለኝ፤ ጠይቄያት ግን አላውቅም።

እሑድ ቡናው አልቆ ስወጣ እትዬ በር ላይ ያዙኝ። "የፍሪጁ በር ጎማ ላልቷል፣ አልገጥም እያለ ነው፣ ለእህትህ ንገራት" አሉኝ። ለምን ለእሷ እንደሚነገራት እኔም አልጠየቅኩም፣ ወጥቼ ነገርኳት።

ደብተር እያረመች ነበር። ቀና ሳትል "ሙቅ ውሃ ያለበት ጨርቅ ይያዙበት በላቸው፣ ይመለሳል" አለችኝ።