ሴፍትሪያክሶን ስሰጥ የምከተለው አሠራርና ያስተማረኝ

እንደ ሴፍትሪያክሶን ባለ በመርፌ በሚሰጥ አንቲባዮቲክ ላይ ያየኋቸው ስሕተቶች ብዙዎቹ ቫያሉ (የመድኃኒቱ ዱቄት ያለበት ትንሽ ጠርሙስ) ከተከፈተ በኋላ የሚመጡ ናቸው፤ በምን ተበጠበጠ፣ በስንት ሚሊ ሊትር፣ በምን ፍጥነት ገባ በሚለው ላይ።

ቫያል ከመክፈቴ በፊት ስለ አለርጂ እጠይቃለሁ። «አለርጂ አለብዎት?» ማለት ብቻ ብዙም አይጠቅምም፤ ማቅለሽለሽንም አለርጂ የሚል ሰው ብዙ ነው። የትኛውን መድኃኒት ወስደው ምን እንደሆኑና በስንት ጊዜ ውስጥ እንደጀመራቸው ነው የምጠይቀው። በደቂቃዎች ውስጥ ፊታቸው ያበጠ ወይም ትንፋሽ ያጠራቸው ከሆነ ሐኪሙን ሳላማክር አልቀጥልም። ለካልቸር (ባክቴሪያውን አሳድጎ ለመለየት ለሚደረግ ምርመራ) የሚሆን ደምም ከመጀመሪያው ዶዝ በፊት መወሰድ አለበት። ሴፕቲክ ሾክ (በኢንፌክሽን ምክንያት የደም ግፊት በአደገኛ ሁኔታ መውረድ) ላይ ላለ ሰው ግን ለናሙና ሲባል መድኃኒቱ ከአንድ ሰዓት ማለፍ የለበትም።

1 ግራም ሴፍትሪያክሶን በደም ሥር ለመስጠት በ9.6 ሚሊ ሊትር የመርፌ ውሃ እበጠብጠዋለሁ። ዱቄቱ ራሱ ቦታ ስለሚይዝ 10 ሚሊ ሊትር ይሆናል፤ አንዱ ሚሊ ሊትር 100 ሚሊ ግራም ይይዛል። ሙሉ ቫያል ለሚወስድ አዋቂ የዱቄቱ ቦታ ለውጥ አያመጣም። ለሕፃን ከፊሉ ሲቀዳ ግን በ5 ሚሊ ሊትር በጥብጦ «አንዱ ሚሊ 200 ነው» ብሎ የሚያሰላ ሰው ከታዘዘው ያነሰ ይሰጣል። ከዚያ በ50 ወይም 100 ሚሊ ሊትር ኖርማል ሳላይን (በደም ሥር የሚሰጥ የጨው ውሃ) አቅጥኜ በ30 ደቂቃ አስገባዋለሁ።

በጡንቻ ሲሆን ለ1 ግራሙ መበጥበጫ 3.6 ሚሊ ሊትር 1 በመቶ ሊዶካይን (ማደንዘዣ) ይበቃል፤ በአንድ ቦታ ከ1 ግራም በላይ አይወጋም። ሊዶካይን ያለበትን ሲሪንጅ ወዲያው «ለጡንቻ ብቻ» ብዬ እጽፍበታለሁ፤ በዓይን ከሌላው አይለይም፣ ደም ሥር ከገባ ግን የልብ ምት ሊያዛባና ሊያንቀጠቅጥ ይችላል።

ሪንገር ላክቴት በሚባለው በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ ውስጥ ካልሲየም አለ፤ ከሴፍትሪያክሶን ጋር ሲገናኝ ይረጋል። ካልሲየም ያለበት ፈሳሽ በደም ሥር ለሚወስድ እስከ 28 ቀን ዕድሜ ላለው ጨቅላ ጨርሶ አይሰጥም፤ ሳንባና ኩላሊት ውስጥ የረጋው ገድሏል። ከዚያ ዕድሜ በላይ ላሉት ሁለቱን በአንድ ጊዜ አልሰጥም፤ በመካከል መስመሩን በኖርማል ሳላይን በደንብ አጥባለሁ።

ከምን ጋር እንደሚገናኝና በምን ፍጥነት እንደሚገባ የማየት ልማድ ለሌሎቹ አንቲባዮቲኮችም ይሠራል። ጄንታማይሲንን ከአምፒሲሊን ጋር በአንድ ሲሪንጅ መቀላቀል ጄንታማይሲኑን ያዳክመዋል። ቫንኮማይሲን በደቂቃ ከ10 ሚሊ ግራም መብለጥ ስለሌለበት 1 ግራሙ ቢያንስ 100 ደቂቃ ይፈጃል (ሥራ ሲበዛ መጀመሪያ የሚጣሰው ሕግ ይህ ነው)። ሲቸኮል ፊትና አንገት ይቀላል፣ ያሳክካል፤ አቁሞ፣ ሲሻል በዝግታ መቀጠል ብዙ ጊዜ ይበቃል። የደም ግፊት ከወረደ ወይም ትንፋሽ ካጠረ ግን እንደ አናፊላክሲስ (ሕይወትን የሚያሰጋ ድንገተኛ አለርጂ) ይታያል።

ለአናፊላክሲስ አድሬናሊን 1 ሚሊ ግራም በ1 ሚሊ ሊትር የሆነውን አምፑል ከሲሪንጁ ጋር አልጋው አጠገብ አስቀምጣለሁ። ለአዋቂ 0.5 ሚሊ ግራም፣ ለሕፃን በኪሎ 0.01 ሚሊ ግራም፣ በጭኑ መካከል የውጭ ጎን ጡንቻ ላይ ይወጋል፤ ካልተሻለ ከ5 ደቂቃ በኋላ ይደገማል። ብዙዎች መጀመሪያ ሃይድሮኮርቲዞን የተባለውን ስቴሮይድ ያነሳሉ፤ እሱ ሥራውን እስኪጀምር ሰዓታት ያልፋሉ።