ከኋላ የሚከፈተው በር

ጀርመን ደቡብ ውስጥ ሆስፒታል ነው የምሠራው። ማዕረጉ በጀርመንኛ ሲጠራ ረጅምና ያማረ ነው፣ ሥራው ግን አልጋ መግፋት ነው። ከክፍል ወደ ራጅ፣ ከራጅ ወደ ቀዶ ጥገና። ጣሪያው ላይ የሄሊኮፕተር ማረፊያ አለ። ሲመጣ ስልኬ ይጮኻል፣ ሊፍቱን ይዤ እወጣለሁ።

መጀመሪያ የወጣሁ ቀን ጉልበቴ ከዳኝ። አልዋሽም። በዚህ ዘመን ጎጃም ሄሊኮፕተር ሲሰማ ሰው ቤት ይገባል እንጂ ደጅ አይወጣም። ሞተሩ በረደ፣ ከኋላ ሁለት በር እንደ ቁም ሳጥን ወለል ብሎ ተከፈተ፣ ታካሚው ከነአልጋው ተንሸራቶ መጣ። እጄን ብዘረጋ ወገቤ ላይ ልክ ሆነ። ጅራቱ ከራሳችን በላይ ነው፣ ማንንም አይነካም።

እኔ ያኔ ያየሁት ግን ቃሬዛ ነው። አክስቴ ምጥ ይዟት ሁለት ቀን ሞላት። ቤታችን ጮቄ ሥር ነው፣ መኪና የሚገኝበት መንገድ ድረስ የአምስት ሰዓት ቁልቁለት አለ፣ ያውም በሐምሌ ጭቃ። ሁለት ቀርቀሃ፣ በጠፍር የተወጠረ፣ ላዩ ላይ ጋቢ። ስምንት ሰው ተሸክሞ ስምንት ሰው ለመቀያየር ይከተላል። እኔ ልጅ ነኝ፣ ባትሪ ያዥ። አጎቴ ከኋላ ሆኖ መላልሶ ይጮኻል፦ «እግር አታግጥሙ! እግር አታግጥሙ አልኋችሁ!» ተሸካሚው እኩል ከረገጠ ቀርቀሃው መዝለል ይጀምራል፣ በየእርምጃው እየባሰበት ይሄዳል፣ አክስቴም ከላይ ትጮኻለች። አክስቴ ተረፈች። ልጁ አልደረሰም።

አምና አንድ ሽማግሌ ተኛ፣ ዳሌው ተሰብሮ። ራጅ ተራ ስንጠብቅ ከላይ ድምፅ መጣ። ዓይኑን ጨፍኖ ሰማና ዓይነቱን ጠራ። ወጥቼ ሳይ ልክ ነው! ለካ በወጣትነቱ ሙኒክ አጠገብ ኦቶብሩን ውስጥ ቦ 105 የሚባለውን ቀላል ሄሊኮፕተር ከሠሩት መካከል ነበር። ከዚያ በኋላ እሱን የምገፋው እኔ ነኝ፣ ነርሶቹም ለመዱት።

ነገሩን እንዲህ አስረዳኝ። ሄሊኮፕተር ወደፊት ሲሄድ አንዱ ክንፍ ነፋሱን ይጋፈጣል፣ ሌላው ይሸሸዋል። አንዱ ጎን በኃይል ይነሳል፣ ያኛው ይደክማል። የድሮው መላ ክንፉን በማጠፊያ ማሰር ነው፣ ከፍ ዝቅ እያለ ልዩነቱን እንዲያቻችል። ማጠፊያ ግን ይበላል፣ ቅባት ይፈልጋል፣ ክብደት ነው። ቦ 105ን የሠራው ኩባንያ መሥራች የሉድቪግ በልኮቭ ሰዎች ማጠፊያውን አስወገዱት። መሐሉን ከታይታኒየም፣ ክንፉን ከፋይበርግላስ ሠሩና «ራሱ ክንፉ ይለመጥ» አሉ። ቀርቀሃ ነዋ! ቃሉን በጀርመንኛ ስላላወቅሁት ፎቶ አውጥቼ አሳየሁት። ሳቀ።

የመጀመሪያው የሙከራ ቦ 105 ግን ሳይበር ቀረ። የድሮውን ዓይነት ባለ ማጠፊያ ክንፍ ገጥመውለት ነበርና መሬት ላይ እንደቆመ ተሰባበረ። የክንፎቹ ዙር ትንሽ ሲዛነፍ ሄሊኮፕተሩ በእግሩ ላይ ይወዛወዛል፣ የሁለቱ ምት ከገጠመ ደግሞ አንዱ ሌላውን እየገፋ በሰከንዶች ውስጥ ያፈራርሰዋል። ይህን ሲለኝ የአጎቴ ጩኸት ጆሮዬ ላይ መጣ። ነገርኩት። ዝም አለ። ከዚያ የጥያቄ መዓት፦ ስንት ሰው? እንጨቱ ስንት ሜትር? ስንት ሰዓት? አክስቴ እንዴት ሆነች ብሎ የጠየቀኝ መጨረሻ ላይ ነው፤ መሐንዲስ እንዲህ ነው መሰለኝ።

ሁለተኛው እ.ኤ.አ. የካቲት 16 ቀን 1967 በረረ። በእኛ የካቲት 9 ቀን 1959 ዓ.ም.፣ እናቴ ገና አልተወለደችም። ሁለት ሞተር አለው፣ አንዱ ቢጠፋ በሌላው ይሄዳል። ሞተሮቹ ጣሪያው ላይ ስለተቀመጡ የኋላው ክፍል ባዶ ሆነ፣ በሩም የመጣው በዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 ሙኒክ ላይ ሕመምተኛ ማመላለስ ሲጀምር «ክሪስቶፍ 1» አሉት፣ በቅዱስ ክርስቶፎሮስ ስም። ክርስቶስን ተሸካሚው ማለት ነው።

«እናንተ ጋ ከፍታው ስንት ነው?» አለኝ አንድ ቀን። ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ፣ ጮቄ ጫፉ ከ4,000 በላይ አልኩት። የምሳ ወረቀቱን ገልብጦ ማስላት ጀመረ። አየሩ ሲሳሳ ክንፉ የሚገፋው ያጣል፣ ሞተሩም ይደክማል። ፈረንሳዮች ለሕንድ ተራሮች ብለው አሉዌት 2 የሚባለውን ሄሊኮፕተራቸውን ቀላል አካል ከአሉዌት 3 ሞተርና ክንፍ ጋር አጋቡና ላማ የሚባለውን ሠሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1972 አብራሪው ዣን ቡሌ በሱ 12,442 ሜትር ወጣ፣ እዚያ ሞተሩ ጠፋበት፣ ክንፉን ከታች በሚመጣ ነፋስ ብቻ እያሽከረከረ መሬት ደረሰ። እዚሁ ዶናውቨርት የሚሠራው ኤች 145 ሄሊኮፕተር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2019 ደቡብ አሜሪካ ውስጥ አኮንካጓ ተራራ አናት ላይ አርፏል፣ 6,962 ሜትር። ጮቄ ምኑ ነው ታዲያ! ማን ይገዛዋል፣ ማን ነዳጅ ይሞላለታል የሚለውን እንኳ አትጠይቁኝ።

እሑድ ለእናቴ ደውዬ ይህን ሁሉ ነገርኋት። ሄሊኮፕተር ስል መጀመሪያ ድምጿ ዝቅ አለ።

«ሕመምተኛ ይጭናል ነው የምትለኝ?»

«አዎ እምዬ። ከኋላ በር አለው።»

«በቃሬዛ?»

«እንደዚያው በለው። ተንሸራቶ ይገባል።»

ትንሽ ዝም አለች። «ሲያስገቡት የሚቀድመው እግሩ ነው ራሱ?»

«ራሱ።»

«እሱስ ደግ ነው» አለች፣ ከዚያ ስለ ድንቹ ዋጋ ማውራት ጀመረች።