ተጎታች ቤታችን ከአራት ጉዞ በኋላ

ባለፈው ሳምንት አራተኛውን የቤተሰብ ካምፒንግ ጨርሰን ገባን። ተጎታች ለመግዛት እያሰባችሁ ላላችሁ፣ እኔ የተሳሳትኩትን ልንገራችሁ።

ስንመርጥ ያየነው አልጋ ነበር። አራት ሰው ያስተኛል ወይ? ልጆቹስ የየራሳቸው ጥግ አላቸው? ባለቤቴ ቁም ሳጥኑን ሁሉ ከፍታ ዘጋች። እኔ ጎማውን በእግሬ መታ መታ አደረግኩ፤ ምን እንደሚነግረኝ እንጃ። ክብደቱን የጠየቅኩት መጨረሻ ላይ ነው። የተነገረኝም የባዶው ነው። ባዶውን ደግሞ ማንም አይጎትትም። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው፤ 80 ሊትር ታንከር ሞላችሁ ማለት አንድ ጎልማሳ አሳፈራችሁ ማለት ነው። ባትሪው፣ የጋዝ ሲሊንደሩ፣ ወንበሩ፣ ብስክሌቱ ሲጨመርበት አስቡት። መጠየቅ የነበረብኝ ከነጭነቱ እስከ ስንት ኪሎ እንደተፈቀደለት፣ መኪናዬስ ያንን መጎተት ትችል እንደሆነ ነበር።

ዋጋዬን ያገኘሁት በሁለተኛው ጉዞ ነው። ብስክሌቶቹን ከኋላ ሰቅያለሁ፤ የውሃ ታንከሩም ያለው ከኋላ ነው። ቁልቁለት ላይ ፍጥነት ስንጨምር ተጎታቹ ግራና ቀኝ መወዛወዝ ጀመረ። መጀመሪያ በስፖኪዮ አየሁት፣ ወዲያው መሪው ላይ ተሰማኝ። ልጆቹ ጭጭ አሉ። እግሬ ወደ ፍሬን ሲሄድ እንደምንም መለስኩት፣ ነዳጁን ለቀቅኩ፣ መሪውን ቀጥ አድርጌ ያዝኩ። ቀስ እያለ ተረጋጋ። ፍሬን ብረግጥ ወይም በመሪ ልታገለው ብሞክር ይብስ ነበር።

ቤት ገብቼ የመታጠቢያ ቤት ሚዛናችንን የመኪናው ጋንቾ (መጎተቻው) ላይ በሚያርፈው የተጎታቹ የፊት ጫፍ ስር አስገባሁት። ሚዛኑ ላይ እንጨት አቁሜ፣ ጫፉ መኪናው ላይ ሲሆን ባለው ከፍታ ልክ አሳረፍኩት። 60 ኪሎ! ተጎታቹ ከነጭነቱ 1,200 ኪሎ ነው፤ ጫፉ ላይ ያረፈው 5 በመቶ ብቻ። የተወዛወዘው ጭነቱ ወደ ኋላ ስላጋደለ ነበር። ለእኔ ዓይነቱ ከ10 እስከ 15 በመቶ መሆን አለበት። ብስክሌቶቹን ወደ ፊት አመጣሁ፣ ውሃውን ቀነስኩ፣ 130 ገባ። ከዚያ ወዲህ ውዝዋዜ የለም። ግን ተጠንቀቁ፤ ይህን ያህል ጭነት የማይችል ጋንቾ ያላቸው መኪኖች አሉ፣ መመሪያውን እዩ።

ኋላ መሄድ? ሦስት ቅዳሜ ባዶ ሜዳ ላይ ፈጀሁበት። የገባኝ እጄን ከመሪው ግርጌ ስይዝ ነው። እጄ ወደ ቀኝ ከሄደ የተጎታቹም ኋላ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ለጭቅጭቁ ግን መፍትሔ አላገኘሁለትም፤ ውጭ ቆማ "ና! ና!" የምትለኝ ባለቤቴ ናት።

ስንደርስ የተጎታቹን ግራና ቀኝ እኩል የማደርገው ከመኪናው ሳልፈታው ነው። ከዚያ ጎማው ስር ታኮ፣ ቀጥሎ መፍታት፣ የፊትና የኋላውን ከፍታ ማስተካከል መጨረሻ ላይ ነው። የማዕዘኖቹ እግሮች እንዳይነቃነቅ ለመደገፍ ናቸው እንጂ ክሪክ አይደሉም። አንዱን አጣምሜ ነው የተማርኩት።

የጋዝ ምድጃን ደግሞ ለማሞቂያ ብላችሁ ውስጥ እንዳታነዱ። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዛማ ጋዝ ሊያወጣ ይችላል፤ አይታይም፣ አይሸትም፣ ይገድላል። የዚህ ጋዝ ጠቋሚ አስገጥመናል።

አሁን ከመነሳታችን በፊት ትልቋ ልጄ ፍሬቻና ስቶፕ መብራት ታያለች። ትንሹ ደግሞ "ታኮ ተነሳ?" ብሎ ይጮሃል። እስካሁን ያልተነሳው አንዴ ብቻ ነው።