የአስተባባሪዋ የመጀመሪያ ጥያቄ

አዲስ የፕሮጀክት አስተባባሪ ሲመጣ በብዙ መሥሪያ ቤቶች የሚደረገው ተመሳሳይ ነው፤ የትምህርት ደረጃው ይነበባል፣ የሥራ ልምዱ ይዘረዘራል፣ ይጨበጨባል። አጋሮች የሚያሳስባቸው ግን ሌላ ነገር ነው፤ የሄደው ሰው የገባልንን ቃል ማን ተረከበው?

የምሠራው አንድ የወንዝ ተፋሰስ የሚጋሩ ከተሞችንና መንደሮችን በዘላቂ ልማት ሥራ የሚያስተባብር ድርጅት ውስጥ፣ በክትትልና ግምገማ ክፍል ነው። የቀድሞው አስተባባሪ ሥራ ሲለቁ ርክክቡ የተሟላ ይመስል ነበር። የበጀት ሰነዱም፣ ውሎቹም፣ የሪፖርት ቀነ ገደቦቹም በየፋይላቸው ተቀምጠዋል። «ከጉድጓዶች የውኃ ናሙና መውሰድ» ከሚለው ተግባር ፊት ለፊት «ተጠናቋል» ተብሎ ተጽፏል።

በትውውቁ ዕለት ሥራ አስኪያጁ አዲሷ አስተባባሪ በተባበሩት መንግሥታት 17ቱ የዘላቂ ልማት ግቦች ዙሪያ ያካበተችውን ልምድ በሰፊው አስረዱ። ተራው ሲደርሳት እርሷ ስለ ራሷ ምንም አልጨመረችም። ደብተሯን ገለጠችና «ድርጅታችን አደርጋለሁ ብሎ እስካሁን ያላደረገላችሁ ነገር ካለ ዛሬ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል» አለች። ሥራ አስኪያጁ ደስ እንዳላቸው አልተሰማኝም። የድርጅትን ጉድለት በአጋሮች ፊት ማስነሣት ለብዙ ኃላፊዎች ገመናን እንደ መግለጥ ነው። እኔ ግን በዚያ አዳራሽ ከተነገረው ሁሉ የሚጠቅመው ይህ ጥያቄ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ከታችኛው ተፋሰስ የመጡ አንድ አዛውንት እጃቸውን አወጡ። «ልጄ፣ የጉድጓዳችንን ውኃ በጠርሙስ ቀድታችሁ ወሰዳችሁ። ውጤቱን እንነግራችኋለን ተብለን ነበር። እስካሁን የነገረን የለም።»

ውጤቱስ ነበር። ለገንዘብ ሰጪው በተላከው ሪፖርት አባሪ ላይ ሰፍሯል። በአንዳንዶቹ ጉድጓዶች ውስጥ የናይትሬት መጠን የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ካስቀመጠው፣ በሊትር 50 ሚሊ ግራም ከሆነው ወሰን በላይ ነበር። ናይትሬት በውኃ ውስጥ የሚሟሟ ኬሚካል ነው፤ ቀለምም ሽታም የለውም። ይበልጥ የሚጎዳው በዱቄት ወተት የሚያድጉ ጨቅላ ሕፃናትን ነው፤ ደማቸው ኦክስጅን የመሸከም አቅሙ ይቀንሳል። ነዋሪዎቹ ደግሞ ለጥንቃቄ ብለው ውኃውን ያፈሉት ነበር። ማፍላት ተሕዋስያንን ይገድላል እንጂ ናይትሬትን አያስወግድም፤ እንዲያውም ውኃው በተነነ ቁጥር በቀረው ውስጥ ክምችቱ ይጨምራል። እናቶች ስለ ልጆቻቸው ሊወስኑበት የሚገባ መረጃ «ተጠናቋል» በሚል ቃል ሥር ተቀብሮ ቆየ። ይህን ሳስብ አሁንም እቆጣለሁ።

አስተባባሪዋ ጥፋቱን በቀድሞው ሰው ላይ አላላከከችም። «አባቴ፣ ይቅርታ እንጠይቃለን፤ ውጤቱን ራሴ ይዤ እመጣለሁ» አለች። ቀን ከመቁረጧ በፊት ግን ወደ ውኃ ባለሙያው ዞር ብላ ለማዘጋጀት ምን ያህል ጊዜ እንደሚያስፈልገው ጠየቀችው። ሌላ ባዶ ቃል ላለመጨመር ያደረገችው ይመስለኛል። በቀጠሮዋም ከጤና ባለሙያ ጋር ሄዳ የትኛው ጉድጓድ ለሕፃናት መዋል እንደሌለበት፣ በምትኩም ከየት መቅዳት እንደሚሻል አስረዳች።

ከባዱ ነገር የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ናይትሬት ከማዳበሪያ፣ ከከብት እበትና ከመጸዳጃ ጉድጓድ ሊመጣ ስለሚችል የታችኛው ተፋሰስ ነዋሪዎች ጣታቸውን በላይኛው አርሶ አደሮች ላይ ቀሰሩ፤ እነዚያም ተቆጡ። እርሷ ለማንም ሳትፈርድ ናሙናው ከዝናብ በፊትና በኋላ፣ ከሁለቱም ወገን በተወከሉ ሰዎች ፊት እንዲወሰድ አስማማቻቸው።

አሁን በርክክብ ቅጻችን ላይ «ለማን ምን ቃል ተገብቷል» የሚል ዓምድ አለ። አዲስ ባልደረባ የምናስተዋውቅበት ደብዳቤም በራሱ ምን መወሰን እንደሚችልና ከሥልጣኑ በላይ የሆነው ነገር ለማን እንደሚቀርብ ይገልጻል። እኔም በክፍሌ የናሙና ሥራን የምዘጋው ውጤቱ ከጉድጓዱ ለሚቀዱት ሰዎች መድረሱን ሳረጋግጥ ነው። በላይኛውና በታችኛው ተፋሰስ መካከል ያለው ክርክር ግን ገና አላለቀም፤ ሁለቱም ወገኖች የሁለተኛውን ዙር የናሙና ውጤት እየጠበቁ ነው።