ጎንደር ላይ ክረምቱ ሲበረታ ሰማዩ ከላይ ይረጥባል? ያሰላሁበት መንገድ

ጥያቄው፦ ጎንደር ላይ ክረምቱ ጠንከር ሲል 16 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለው የውሃ ተን አብሮ ይጨምራል ወይ? ለዚህ የወረደውን ዝናብና ከላይ የቀረውን ተን ለየብቻ አስልቼ ነው ያገናኘሁት።

ለተኑ እ.ኤ.አ. በ2004 ከመጠቀችው ኦራ ሳተላይት የኤምኤልኤስ (በማይክሮዌቭ የአየሩን ተን የሚለካ መሣሪያ) ዳታ ወሰድኩ። በፊኛ የሚላከው የተለመደው የእርጥበት መለኪያ በዚያ ብርድ ስለሚዘገይ 100 ሄክቶፓስካል ላይ (ሄክቶፓስካል የአየር ግፊት መለኪያ ነው፤ 100 ማለት ያ 16 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ነው) አላምነውም። የጎንደርን ነጥብ ብቻ መውሰድም አያዋጣም፤ ሳተላይቷ ልክ በላዩ የምታልፈው አልፎ አልፎ ነው። ከ8 እስከ 16 ዲግሪ ሰሜን፣ ከ32 እስከ 44 ዲግሪ ምሥራቅ ያለውን ክልል ስወስድ በቀን በአማካይ 5 ያህል ልኬት ይገኛል፤ ስለዚህ የሳምንት አማካይ ሠራሁ። የስህተት ግምቱ ከዜሮ በታች የሆነ ወይም ከልኬቱ ጋር የሚመጣው የጥራት ምልክት (ስታተስ) ቁጥሩ ለሁለት የማይካፈል ልኬት ይጣላል። ጥር 2022 እ.ኤ.አ. ላይ የፈነዳው የሁንጋ ቶንጋ እሳተ ገሞራ ስትራቶስፌር (ከደመናው ንብርብር በላይ ያለው የከባቢ አየር ክፍል) ውስጥ እጅግ ብዙ ውሃ ስለጨመረ ስሌቱን በ2021 ዘጋሁ።

የዝናቡ ነገር የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የዝናብ መለኪያ የሚነበበው ጠዋት 3 ሰዓት ስለሆነ ትናንት ከሰዓት የዘነበው በዛሬ ቀን ይመዘገባል። ከኢአርኤ5 (ልኬቶችንና የአየር ሞዴልን አቀናጅቶ በየሰዓቱ የአየሩን ሁኔታ ከሚሰጥ የአውሮፓ ዳታ) ጋር ለማስተያየት በዓለም አቀፉ ሰዓት ከ07 ጀምሮ እስከ ማግስቱ 06 ያሉትን 24 ሰዓታት መደመር፣ ከዚያ ሜትሩን በ1,000 አባዝቶ ወደ ሚሊ ሜትር መቀየር ነው። ይህ ካልተስተካከለ ዝናቡና ተኑ በአንድ ቀን ይተላለፋሉ። ሌላው ወጥመድ ከፍታው ነው። ጎንደር 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የ850 ሄክቶፓስካል ንብርብር ከመሬት በታች ነው፤ የኢአርኤ5 ፋይል ግን ቁጥር ይሰጣል። ቆላው መተማ ላይ ያው 850 እውነተኛ አየር ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን ነጥብ በራሱ የገጽ ግፊት ማጣራት ግድ ነው። የኢአርኤ5ን እርጥበት ከኪሎግራም በኪሎግራም ወደ ሚሊዮንኛ የመጠን ድርሻ ለመቀየር በ1.608 ሚሊዮን ማባዛት ነው።

ከሁሉ በፊት የየወቅቱን የተለመደ አማካይ ከሁለቱም መቀነስ ያስፈልጋል። ዝናቡም ተኑም በሐምሌ ስለሚጨምሩ ጥሬው ዳታ ሁልጊዜ ጥሩ ዝምድና ያሳያል፤ ያ ዝምድና የካላንደር ብቻ ነው። ወቅታቸውም አንድ አይደለም፦ ቡሄ ካለፈ በኋላ ዝናቡ እየሳሳ ሲሄድ የ100 ሄክቶፓስካሉ ተን እስከ መስከረም ከፍ እንዳለ ይቆያል።

ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። 215 ሄክቶፓስካል ላይ፣ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ብርቱ ደመና በቀጥታ ያረጥባል። 100 ላይ ግን የሚወስነው ቅዝቃዜው ነው። አየሩ እስከ 190 ኬልቪን (ከዜሮ በታች 83 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ) ሳይበርድ ካለፈ፣ ወደ በረዶ ሳይለወጥ ሊይዘው የሚችለው ተን ብዙ ነው፤ 190 ላይ ከሚሊዮን 3.2 ያህል ብቻ፣ 195 ላይ 7.4 ያህል ይይዛል። አምስት ዲግሪ ከእጥፍ በላይ ለውጥ ያመጣል። ብርቱ ደመና ደግሞ ትሮፖፖዙ (የስትራቶስፌር የታችኛው ወሰን) አካባቢ ያለውን አየር ያቀዘቅዛል፤ ስለዚህ የበረታ ሞንሱን (የክረምት ዝናብ የሚያመጣ ወቅታዊ ነፋስ) ላይኛውን አየር ሊያደርቀው ይችላል። ራንደልና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2015 ለሞንሱን ክልሎች ያሳተሙት ውጤት ይህንኑ ይላል። የዝናብ መጠንን ብቻ ይዞ ስለ ስትራቶስፌር መናገር የማይሆነው ለዚህ ነው።

በተጨማሪም ጎንደር ላይ በዚያ ከፍታ ያለው አየር በአብዛኛው የአካባቢው አይደለም። የምሥራቁ የከፍታ ነፋስ ከሕንድ በኩል ይነዳዋል፤ በሴኮንድ 30 ሜትር ከሄደ ከቤንጋል ባሕረ ሰላጤ እዚህ ለመድረስ ሁለት ቀን ገደማ ይበቃዋል። ስለዚህ በሪግሬሽኑ (የእያንዳንዱን ምክንያት ድርሻ ለይቶ በሚያሰላው ስሌት) ውስጥ አራት ነገር አስገባሁ፦ ከላይ የጠቀስኩትን ክልል ዝናብ፣ የ100 ሄክቶፓስካል ሙቀትን፣ የደቡብ እስያን የደመና ምልክት (ወደ ሕዋ የሚወጣው ሙቀት ዝቅ ሲል ደመናው ከፍ ያለ ነው)፣ እንዲሁም አቅጣጫውን እየገለባበጠ በ28 ወር ገደማ አንድ ዑደት የሚጨርሰውን የስትራቶስፌር ነፋስ። ይህ የመጨረሻው ከቀረ የትሮፖፖዙን ሙቀት ስለሚለዋውጥ ውጤቱ በክረምቱ ስም ይመዘገባል። ሙቀቱ ከገባ በኋላ ለጎንደር ዝናብ የሚቀር ድርሻ ካለ መጀመሪያ የምፈትሸው 147 ሄክቶፓስካል ላይ ነው፤ የአካባቢው ደመና አናት ብዙውን ጊዜ የሚደርሰው እስከዚያው ድረስ ነውና።